የልጅ ልጄና አፉን የቆለፈው ሰው

አንድ ቤት ተቀምጬ መክረም አልችልም። ወንዱ ልጄ ቢቸና ነው የሚኖረው፣ ሴቷ ሞጣ፤ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ። ቢቸና ስሰነብት የሞጣው ደጅ ይናፍቀኛል፤ ሞጣ ስከርም ቢቸና ምን ሆነው ይሆን እላለሁ። የመኪና ረዳቶቹ ሳይቀሩ ለይተው ያውቁኛል። «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ልጅዎ ተጣሉ?» ይሉና ከሾፌሩ ጎን ያስቀምጡኛል። ከማንም ተጣልቼ አይደለም። እግሬ ነው።

ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። አባቴ የፊደል መምህር ነበሩ፤ የሰው ልጆች ደጃችን ላይ ተኮልኩለው ሲያነበንቡ እኔ ከጓዳ ጥጥ እየዳመጥሁ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ጆሮዬ ተማረ፣ በኋላ ዓይኔ ተከተለው። እናም አነባለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ። ይህንንም የምጽፈው እንደዚያው ቀስ እያልሁ ነው።

የፍቅር መጽሐፍ ያስለመደችኝ የልጅ ልጄ ናት፣ የቢቸናው ልጄ ልጅ። አስተማሪ ናት። መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሱ ዘንድ ሁለት ሦስት ይዛ ትመጣለች፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ጠርዛቸው በሰው እጅ የወየበ። እኔ ምስር እለቅማለሁ፣ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልኛለች።

ሁልጊዜም የምንመርጠው አንድ ዓይነቱን ነው። ሰውየው አፉን የቆለፈ ነው። ከየት እንደ መጣ አይናገርም፣ ዘመድ አይጠይቀውም፣ ሲስቅ እንኳ ቶሎ ያቆማል። ሴቲቱ ደግሞ እልኸኛ ናት። በሩን ሲዘጋባት በጓሮ ትዞራለች፤ «ተይኝ» ሲላት «አልተውህም» ትላለች። እኔ ትዕግሥት የለኝም። «ንገራት እንጂ፣ አንተ ድንጋይ!» ብዬ ምስሩን እበትነዋለሁ። የልጅ ልጄ ትስቃለች።

«እምዬ፣ ከነገራትማ መጽሐፉ አለቀ!»

የኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምስጢር የሚባል አልነበረውም። ያሰበውን ሁሉ ከማሳው ላይ ሆኖ እየጮኸ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ከመስማቴ በፊት ጎረቤት ይሰማው ነበር። ለዚህ ይሆናል ዝምተኛ ሰው በመጽሐፍ ሳገኝ ደስ የሚለኝ። በመጽሐፍ እንጂ በደጄ እንዲመጣ ተመኝቼ አላውቅም።

ግን መጣ። ሞጣ ሳለሁ ሳንባዬን ታምሜ መርፌ ታዘዘልኝ። የልጅ ልጄ ልታስታምመኝ ከቢቸና መጣች። መርፌውን የሚወጋኝ ነርስ ረጅም፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ሰው ነበር። እጁ ቀላል ነው፤ ሲወጋ አይታወቅም። ለእኔ አመል ነውና ጠየቅሁት።

«አገርህ የት ነው ልጄ?»

«ከዚሁ ነኝ እናቴ።»

«ከዚሁ የት?»

«ከዚሁ ወዲያ ነው። ክንድዎን ያላሉልኝ።»

«እናት አባት አሉ?»

«ጨርሰናል እናቴ፣ ይነሡ።»

የልጅ ልጄ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ስንወጣ ክንዴን ደግፋ «እምዬ፣ ይኸ ሰው ከመጽሐፍ የወጣ ነው» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ድኜ ቢቸና ከተመለስሁ በኋላ እሷ ሞጣ መመላለስ አበዛች። ያኔ አልሳቅሁም።

ጥምቀት እንዳለፈ ነርሱ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰዎች ከሞጣ መጥተው ከልጄ ደጅ ላይ ቆሙ፦ ቤቱን ያከራዩት ሽማግሌ፣ አንድ የሥራ ባልደረባው፣ አንድ ቄስ። እንደ ወጉ ደጅ ከቆሙ በኋላ ገብተው ተቀመጡ። ልጄ ጉልበቱን ይዞ «የማን ልጅ ነው?» አለ።

ስሙን ነገሩት።

«ስሙንማ ሰማሁ። አባቱን የሚያውቅ ማነው? እስኪ ቁጠሩልኝ።»

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲታጭ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ይወጣል፤ በመካከሉ አንድ የጋራ ስም ከተገኘ ዘመድ ናቸውና ይቀራል። የሚቆጥረው የሥጋ ዘመድ ነው። ሦስቱ ሰዎች ተያዩ።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ አከራዩ። «ይኸን ሁሉ ዘመን ግቢዬ ሲኖር ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።»

«እኔ ድምፁን አይደለም የጠየቅሁ። እህቴ የምትሆን ሴት የወለደችው ይሁን፣ ሚስት ትቶ የኮበለለ ይሁን፣ የሰው ደም ያለበት ይሁን በምን አውቃለሁ? የሚቆጥርለት ዘመድ ይዞ እስከ ቅበላ ይምጣ። ጾሙ ከገባ በኋላ በዚህ ጉዳይ ደጄን የሚያንኳኳ ሰው እንዳላይ።»

ይኸኔ የልጅ ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። በሽማግሌ ፊት የምትታጭ ልጅ ወጥታ ስትናገር በዕድሜዬ አላየሁም።

«አባዬ፣ ከእሱ ሌላ አላገባም። እርስዎ እምቢ ካሉ እኔው እሄዳለሁ።»

ልጄ ወደ እሷ ዞሮ አላየም። «ከሄድሽ ተመልሰሽ እዚህ ደጅ አትምጪ» አለ። ረጋ ብሎ ነው ያለው፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እኔ የወለድሁት ልጅ ነው፤ ጮሆ የተናገረውን ይረሳል፣ በዝግታ የተናገረውን አይመልስም።

ቅበላ እየቀረበ መጣ፤ ዘመድ የሚባል አልመጣም። ቢቸና ደግሞ ወሬ አያጣም፤ «ሁለት ልጅ አለው አሉ» የሚል አለ፣ «ገድሎ ነው የተደበቀ» የሚል አለ። መንገዱም ያን ሰሞን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስልኩ ይሠራል ሲባል ይጠፋል። መኪና ተገኘ በተባለ ቀን ነጠላዬን ደርቤ ተነሣሁ። ለልጄ «ሞጣ ልሂድ» አልሁት፤ ለመሄዴ ምክንያት የሚጠይቀኝ የለም። የልጅ ልጄ ከመናኸሪያው ቀድማኝ ተቀምጣ አገኘኋት።

ወደ ሞጣ ስንቃረብ ነው «በመጽሐፉ ቢሆን ኖሮ» ብላ የጀመረችው። «በመጽሐፉ ቢሆን ኖሮ የደበቀው ነገር ለሰው ሲል የተሸከመው ነው የሚሆነው። አይደለም እንዴ እምዬ? መቼ አንብበን ክፉ ሆኖ ተገኝቶ ያውቃል?»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ምስጢሩን አውቆ ነው የሚጀምረው» አልኋት። «አንቺ ምን አውቀሽ ጀመርሽ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እኔ ግን በልቤ አወጣለሁ አወርዳለሁ። ሚስት ያለው ቢሆን ይህች ልጅ ምን ይውጣት? የሌለው ቢሆንና አልናገርም ቢልስ? ትሄዳለች። የአባቷ በር ይዘጋል። እኔስ በየትኛው በር እገባለሁ?

ሴቷ ልጄ ቤት አስጠራነው። መጥቶ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ለመውጣት የሚመቸው ቦታ ነው። የልጅ ልጄ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሚስት አለችህ?»

«የለችኝም።»

«ሰው ገድለሃል?»

ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «አልገደልሁም።»

«ታዲያ የሚቆጥርልህ ሰው የለም? ከሰማይ ነው የወረድህ?»

ዓይኑን በሩ ላይ ተከለ።

«አፍ የለህም? አባቴ በሩን ሊዘጋብኝ ነው እኮ። የቀረን ይህ ሳምንት ነው። ወይ ንገረኝ ወይ ተነሥና ሂድ፤ እኔም እንግዲህ አልጠብቅህም።»

ተነሣ። የሚሄድ መሰለኝ። ተመልሶ ተቀመጠና እሷን ሳይሆን እኔን እያየ «እናቴ፣ ተዝካሬ ተበልቷል» አለ።

ተዝካር የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው። ሰውየው ፊቴ ተቀምጦ ይተነፍሳል። «ኧረ በሥላሴ» አልሁ። ከዚያ ነገረን።

አገሩ ከዓባይ ማዶ ነው። ልጅ ሳለ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ሆነው ቅኔ ሊማሩ ወደ ጎጃም ተሻገሩ። እናቶቻቸው ለየልጃቸው ከበግ ለምድ ደበሎ ሰፍተው፣ አኩፋዳ አስይዘው፣ እያለቀሱ ሸኟቸው። ጉንደ ወይን በኩል ካለ ቅኔ ቤት ገቡ። የቆሎ ተማሪ ዘመድ ተከትሎ እንዳይመልሰው ስሙንም አገሩንም ይለውጣል፤ እነሱም ለወጡ። በዓመቱ ተስቦ ገባ። ጓደኛው ቀድሞ ወደቀ። ብርድ ብርድ ሲለው ይኸኛው የራሱን ደበሎ አውልቆ ደረበለት። ወዲያው እሱም ራሱን ሳተ።

ሲነቃ ጓደኛው ተቀብሯል፤ የደረበለት ደበሎም የለም። ወደ ማዶ የሚሻገር አንድ ተማሪ ለወላጅ ላድርስ ብሎ ይዞት ሄዷል። የሟቹን እውነተኛ ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ ተማሪው በየመንደሩ ደበሎውን እያሳየ «የዚህ እናት ማናት?» አለ። የሰፋችው የዚህኛው እናት ስፌቷን አወቀች። አለቀሰች፣ ደረቷን ደቃች፣ አርባውን አወጣች። ጎረቤቷ፣ የሟቹ እናት፣ ደግሞ አብራት አልቅሳ፣ የእኔ ልጅስ ደኅና ነው ብላ ተጽናናች።

«እኔ ይህን የሰማሁት ቆይቶ ነው» አለ። «ማዶ ደርሶ የመጣ ተማሪ እንደ ወሬ አወራልኝ፤ ማን እንደሆንሁ አያውቅም። እናቴ ልቅሶዋን ጨርሳ ተቀምጣለች። የእሱ እናት ግን በደጇ ለሚያልፍ ተማሪ ሁሉ እህል እየሰጠች ‹ልጄን አይታችሁታል?› ትላለች። እኔ ከሄድሁ የእኔ እናት ልጅ ታገኛለች፣ የእሷ ይሞታል። ዛሬ ነገ ስል አደግሁ። ጉንደ ወይን አንድ አስተማሪ አስጠግተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ ስሜም ያው የተማሪነቱ ሆኖ ቀረ። ከማዶ የሚመጣ ሕመምተኛ ባገኘሁ ቁጥር በዘወርዋራ እጠይቃለሁ። የእሱ እናት እስከ ዛሬ ትጠብቃለች።»

በመጽሐፍ ቢሆን እዚህ ላይ ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር። የልጅ ልጄ ግን ተናደደች።

«ሁለቱንም እናቶች አስረህ ያስቀመጥህ አንተ ነህ» አለችው። «ነገ እንሻገራለን። እናትህን እናገኛለን፣ አጎትም ይሁን ማን፣ የሚቆጥር ሰው ይዘን ከቅበላ በፊት ቢቸና እንገባለን። ሌላው ይደርሳል።»

«ሌላው የምትይው ሰው ናት» አልኋት። «ልጇ የሞተባት። ደስታ ቀድሞ መርዶ ሊከተል ነው? ከአጥር ማዶ እልልታ ሰምታ ነው የልጇን ሞት የምትረዳው? መሄዱን እንሂድ። መጀመሪያ የምንገባው ግን ከእሷ ደጅ ነው።»

«እምዬ፣ ከዚያ በኋላ እኮ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ተጥሎ አይኬድም። ቀኑ ያልቃል።»

«ያልቃል።»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «ለዚህ ነበር ዝም ያልሁት» አለ።

በማግስቱ ተሻገርን። ዓባይ በረሃው ውስጥ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እሱ ግንባሩን ከፊቱ ወንበር ላይ አስደግፎ ነበር። መንደሩ ስንደርስ ነጠላ አከናንበን ወደ መንደሩ ቄስ ቤት አስገባነው። ቄሱ ሲያዩት አማተቡ። እኔ ያሰብሁትን ስነግራቸው «ደግ አስበዋል፤ መርዶ እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ ይነገራል» ብለው ጥቂት ጎረቤት ጠሩ። የእሱን እናት ግን አልጠሩም።

ጎሕ ሲቀድ ከሟቹ እናት ደጅ ቆምን። ሴትዮዋ አመድ ልትደፋ ወጣች። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ደጅ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አመዱን እንደያዘች ቀረች።

«ወንድሜ ነው?» አለች። «እህቴ ናት?»

ቄሱ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረቡ።

«ልጄ እንደሆነ ተማሪ ነው» አለች፣ ቶሎ ቶሎ። «እሱ ቅኔ ቤት ነው ያለ።»

ሰውየው ነጠላውን ከራሱ ላይ ገፈፈና ጉልበቷ ላይ ወደቀ። «እኔ ነኝ እማማ። ያኔ የሞተው እሱ ነው። እኔ ነኝ የቀረሁ።»

ጮኸች። ያን ጩኸት አልጽፈውም። መንደሩ ተነቃነቀ፤ ከአጥሩ ማዶ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወይኔ ጎረቤቴ፣ ማን ሞተብሽ!» እያለች እየሮጠች መጣች። መሬት ላይ የተንበረከከውን ሰው አየች። ቆመች። ጎንበስ ብላ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ጣቷን በቅንድቡ ላይ አሳለፈች። አወቀችው። እልል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

አላለችም። አፏን በመዳፏ ዘጋች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ለቀቀችውና ሄዳ ከጎረቤቷ አጠገብ አመዱ ላይ ተቀመጠች፣ አቅፋትም አለቀሰች። ለጎረቤቷ ልጅ፣ በስሙ እየጠራች።

ረፈድ ሲል የሟቹ እናት ሰውየውን አስጠራችው። ድምፅዋ ተዘግቷል። «በርዶት ነበር?» አለችው።

«የእኔን ደርቤለት ነበር። አልበረደውም።»

ራሷን ነቀነቀች።

የለቅሶው ድንኳን ተጣለ። ሰው ከየመንደሩ መጣ፤ ለሃዘን የመጣው ደግሞ ሞቷል የተባለው ሰው ቆሞ ውሃ ሲያቀርብ እያየ ይደነግጣል። ቅበላ ደረሰ። አጎቱ ተገኝተዋል፣ ለመምጣትም ፈቅደዋል፤ በዚያው ቀን ብንነሣ ጾሙ ሳይገባ ቢቸና እንደርስ ነበር። ሰውየው ወደ ልጅ ልጄ መጥቶ «አጎቴን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ከዚህ አልነሣም» አላት። እንስራ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ ከወንዝ መመለሷ ነው። ወደ ለቅሶው ድንኳን አየች፣ ወደ መንገዱ አየች። ስልክ የለም፤ ለአባቷ የምትልክበት መንገድ አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም።

«ሰልስቱ ሳይወጣ አንሄድም» አለች። ውሃውን ገለበጠችና እንስራውን ይዛ ተመልሳ ወንዝ ወረደች።

ቢቸና የገባነው ጾሙ ከገባ በኋላ ነው፤ እኔ፣ እሷና አጎትየው። ሰውየው ከሁለቱ እናቶች ጋር ቀርቷል። የልጄን ግቢ ስንደርስ መጻሕፍቷ በጆንያ ታስረው ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠዋል። የመጽሐፍ አከራዩም ሳይቀላቀሉባቸው አይቀሩም፤ ልጄ የራሷንና የሰውን አልለየም። እሷ አየቻቸውና ቆመች። «እምዬ፣ አንቺ ግቢ» አለችኝ። «እኔ አትምጪ ተብያለሁ።»

ገባን። ልጄ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግቡ አላለም።

«ጾም ነው» አለኝ። «ቀኑን ነግሬያችሁ ነበር።»

«ለቅሶ ላይ ነበርን።»

«የማን ለቅሶ?»

ነገርሁት። ከዚያው እንደቆምሁ ሁሉንም ነገርሁት፤ ደበሎውን፣ አመዱን፣ እልል ያላለችውን እናት። አላቋረጠኝም፤ ፊቱም አልተለወጠም። ስጨርስ አጎትየውን አያቸው፣ ረጅም ጊዜ።

«ይቁጠሩልኝ» አላቸው።

አጎትየው በትራቸውን ተደግፈው ጀመሩ። አባቱን ጠሩ፣ አያቱን ጠሩ። የእኛን ወገን የማውቅ እኔ ነኝና ከሥር ከሥር የእኛን በልቤ እጠራለሁ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እፈራለሁ፤ ዓባይን የተሻገረ ዘር በእኛም በኩል አለና። አምስተኛው ላይ ረስተው ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጄ ጠበቀ። አገኙት፤ ጠሩት። ስድስተኛውን ጠሩ። ሰባተኛውን ጠሩ። የእኛ ሰው አልነበረም።

«አልተገናኘም» አልሁ።

ልጄ በእግሩ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። ወደ አጥሩ ሳያይ፣ ለእኔም ለአጎትየውም ሳይሆን እንዲያው ለአየሩ ተናገረ።

«ያቺ ልጅ ፀሐይ ላይ ምን ትሠራለች? ጆንያዋን ይዛ ትግባ በሏት።»